ዲምስዴል አንድም ውሸት አልተናገረም፦ «ዘ ስካርሌት ሌተር» ላይ ፔፐሬን እንዴት እንደሰራሁት

ባለፈው ሰመስተር ሊትሬቸር ክላስ ላይ ፋይናል ፔፐራችን ስለ ፒዩሪታኖች (በ1600ዎቹ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ስለሄዱት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) ከተጻፉ ልቦለዶች አንዱን መርጠን በኃጢአት፣ በጸጸትና በግብዝነት ዙሪያ መጻፍ ነበር፣ እኔ የናትናኤል ሆውቶርንን «ዘ ስካርሌት ሌተር» ያዝኩ። እንዴት እንደሰራሁት የጠየቁኝ ልጆች ስላሉ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ደግሞ ንስሐ አባት ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይሄን መጽሐፍ ሲያነብ ሌላው ቶሎ የማይታየው ነገር የሚታየው ይመስለኛል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው፣ ታሪኩ ግን በ1640ዎቹ ቦስተን ላይ ነው የሚሆነው። ሄስተር ፕሪን ባሏ በሌለበት ትወልድና ደረቷ ላይ ቀይ «ኤ» ፊደል (አመንዝራነት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ) አድርጋ እንድትኖር ይፈረድባታል። የልጅቷ አባት አርተር ዲምስዴል የሚባል ከተማው የሚሳሳለት ወጣት ሰባኪ ነው፣ እሷ ስሙን አታወጣም እሱም አይናገርም። ባልየው ደግሞ ሮጀር ቺሊንግዎርዝ በሚል ስም ሐኪም ነኝ ብሎ ይመጣና ሰባኪው ያለበት ቤት ገብቶ አብሮት ይኖራል። ፊደሉ እንዲሁ ከሃሳብ የመጣ አይደለም፣ በ1694 ማሳቹሴትስ ውስጥ የወጣ ሕግ አመንዝራ ልብሱ ላይ «ኤ» እንዲያደርግ ያዝዝ ነበር።

እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ መጀመሪያው ይረሳል። እኔ ኦዲዮውን ከፍቼ በዓይኔ መጽሐፉን እየተከተልኩ ነው የጨረስኩት፣ ስለ ጉምሩክ መስሪያ ቤቱ የሚያወራውን ረጅም መግቢያ ዘልዬ መጨረሻ ላይ ነው የተመለስኩበት፣ እናንተም እንደዛ ብታደርጉ ጥሩ ነው። ከዛ በኋላ ነው ዋናውን ስራ የጀመርኩት፣ ደብተር አውጥቼ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት አምድ አሰመርኩ፣ አንደኛው ሰው ፊት የሚናገረው፣ ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገው። ማንንም ግብዝ ነው ከማለቴ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ላያቸው ፈልጌ ነው።

የዲምስዴል አምድ ነው ሃሳቤን ሁሉ የቀየረው። ሰው ፊት በተናገረው ስር ውሸት ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር፣ የለም! ምዕራፍ 3 ላይ ሄስተር ልጇን ታቅፋ ጥፋተኛ ሕዝብ ፊት የሚቆምበት መድረክ ላይ ቆማ ሹማምንቱ የልጅቷን አባት እንድትናገር ለምናት ብለው እሱን ያቆሙታል፣ እሱም ለዛ ሰውዬ አዝነሽ ዝም አትበይ፣ ከፍ ካለ ቦታ ወርዶም ቢሆን አጠገብሽ መቆም ይሻለዋል ይላታል። ስለ ራሱ ነው የሚያወራው፣ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ምዕራፍ 11 ላይ ደግሞ አትሮንሱ ላይ ወጥቶ እኔ ከኃጢአተኞች ሁሉ የከፋሁ ነኝ፣ ርኩስ ነኝ ይላል፣ ምእመኑ አይ ትሕትና፣ እሱ እንዲህ ካለ እኛማ ምን ልንሆን ነው ብሎ ይብስ ያከብረዋል። ሰባኪውም እንደዛ እንደሚሰሙት አሳምሮ ያውቃል። «ኃጢአተኛ ነኝ» ሁሉም የሚለው ነገር ነው፣ በተለይ ፒዩሪታኖቹ ሰው ከአዳም ጀምሮ የወደቀ ነው ብለው ስለሚያምኑ ማንንም አያስደነግጥም፣ «ከሄስተር ጋር ነበርኩ» ማለት ግን ሌላ ነው። በጥቅሉ እየተናዘዘ ዋናውን ነገር ሆድ ይፍጀው ይላል፣ እኔ እስከዛሬ ካነበብኩት ግብዝነት ሁሉ ይሄኛው ነው ያስፈራኝ ምክንያቱም ጸሎት ይመስላል።

ሁለተኛው አምድ ላይ ምን አለ ካላችሁ፣ ጾም አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማደር አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ደም የነካው ጅራፍ አለ። እዚህ ጋ ደራሲው ራሱ ይሄ ነገር ሰውዬው ካደገበት ቤተክርስቲያን ይልቅ ለድሮው ለሮማ እምነት ይቀርባል ይላል። እኔ ይቺን መስመር ሳገኛት ነው ፔፐሬ የተያዘልኝ። ፒዩሪታኖቹ ለካህን ብቻ በሚስጥር መናዘዝን ጥለውታል፣ ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው፣ እና ዲምስዴል ቅጣቱን ከሮማ ወስዶ ኑዛዜውን ግን የሚወስድበት ሰው የለውም። ምእመኑ በሽተኛውም ጤነኛውም እየመጣ ልቡን ይከፍትለታል፣ እሱ ማን ጋ ይሂድ? ምዕራፍ 17 ላይ ጫካ ውስጥ ለሄስተር ሲነግራት ልብ ይነካል፣ አንድ ወዳጅ ወይም የባሰ ጠላቴም ቢሆን በየቀኑ ሄጄ ማንነቴን የሚያውቅልኝ ሰው ቢኖር ነፍሴ በሕይወት ትቆይ ነበር ይላል፣ ቅጣቱስ በዝቶብኛል ንስሐው ግን አልነበረም ይላል።

እና ያንን ቦታ የያዘው ማነው፣ ቺሊንግዎርዝ! ይሄን ክፍል ነው ረዘም አድርጌ የጻፍኩት። ምዕራፍ 10 ላይ ሐኪሙ የሰውነት ሕመም ብቻ የተነገረው ሐኪም የበሽታውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የነፍስህን ቁስል ግለጥልኝ ይለዋል። እኛም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን አይደል፣ ምክሩ ልክ ነው፣ የሚመክረው ሰው ግን ሊበቀለው የመጣ ነው። ዲምስዴል ለምድራዊ ሐኪም አልነግርም ብሎ በንዴት ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ሐኪሙ ገብቶ ልብሱን ከደረቱ ገልጦ ያያል። በፈቃዱ ያልሰጠውን ተኝቶ ሳለ ወሰደበት።

ፕሮፌሰሬ ረቂቁ ላይ የራስሽን እምነት መመዘኛ አታድርጊው፣ ከጽሑፉ አሳዪኝ ብላ ጻፈችልኝ፣ ትክክል ናት፣ ለዛ ነው የጅራፉንና የጫካውን ንግግር መሃል ላይ አምጥቼ የኛን ንስሐ አባት በአንድ አንቀጽ ብቻ ያስቀመጥኩት። ንጽጽሩ ጥያቄ እንድጠይቅ አደረገኝ፣ መልሱን የሰጠኝ ግን መጽሐፉ ነው።

የከተማው ሕዝብም አምድ ነበረው፣ ባጭሩ ነው ያለፍኩት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሄስተር በመርፌዋ ነው የምትኖረው፣ የገዢውን የአንገት ልብስ ትሰፋለች፣ የሕፃናት ቆብ ትሰፋለች፣ ከሙታን ጋር የሚቀበረውንም ትሰፋለች፣ የሙሽራ ነጭ ዓይነርግብ ግን አንድም ቀን አሰርተዋት አያውቁም። ፍርዱን በየቤቱ በስራ ይሽሩትና ሰርግ ላይ ያስታውሱታል።

ታሪኩን መጨረሻ ላይ ነው የፈተሽኩት፣ መጀመሪያ ብፈትሽ ኖሮ ፔፐሩ የታሪክ ይሆን ነበር። የሆውቶርን የቅድመ አያቱ አባት ጆን ሃቶርን በ1692 ሴለም ላይ በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች አንዱ ነው፣ 19 ሰው ተሰቀለ፣ እሱ ግን ተጸጸትኩ ሲል አልተሰማም። አብሮት የፈረደው ሳሙኤል ሴዋል በ1697 ቦስተን ውስጥ ሰባኪው የጸጸቱን ቃል ሲያነብለት በጉባኤው ፊት ተነስቶ ቆሟል። አንዱ ቆመ፣ አንዱ ዝም አለ፣ መጽሐፉን የጻፈው የዝምተኛው ዘር ነው። መግቢያው ላይ የአያቶቹን ሃፍረት በራሴ ላይ እወስዳለሁ የሚለውን ሳነብ ዲምስዴልን እስከዛ ድረስ ያሰቃየው ለምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ።

መደምደሚያዬ ላይ ከክላሱ ጋር አልተስማማሁም። ብዙዎቹ ዲምስዴል መጨረሻ ላይ መድረኩ ላይ ወጥቶ የተናገረው ሊሞት ስለሆነ ነው፣ ቀላሉን መረጠ አሉ። እኔ ግን የቺሊንግዎርዝን ቃል ነው የጠቀስኩት፣ ሰባኪው ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሙ ምድርን ሁሉ ብትዞር ከዚህ መድረክ በቀር ከኔ የምታመልጥበት ስፍራ አልነበረም ይለዋል። ጠላቱ የመሰከረለትን እኔ ልነሳው አልፈለግኩም። ተናግሮ፣ ደረቱን ገልጦ ሲሞትም ካዩት አንዳንዶቹ ደረቱ ላይ ምንም ፊደል አልነበረም፣ ለኛ ትምህርት ብሎ ነው በኃጢአተኛዋ ሴት እቅፍ የሞተው ብለው ተከራከሩለት፣ ሰው ፊት በግልጽ ተናዞም አሁንም ትሕትና ነው አሉት።