ላክስተንን ከእርሻዋ ጀምሮ ማንበብ፦ የአንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ታሪክ እንዴት እንዳጠናሁ

የእንግሊዝ ገጠር መንደር ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ባላባቱ ቤት ነው። እኔ ኖቲንግሃምሻየር ያለችውን ላክስተንን ሳጠና የጀመርኩት ከእርሻው ነው፤ ለሌላ መንደርም ይህንኑ እመክራለሁ። መሬቱ እንዴት ተከፋፍሎ ይታረስ እንደነበር ካልታወቀ፣ ቤቶቹ ለምን እዚያ እንደቆሙ አይገባም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላክስተን አጥር የሌላቸው የጋራ ማሳዎች እስከ ዛሬ በጥንቱ ሥርዓት ከሚታረሱባቸው በጣም ጥቂት የእንግሊዝ ቦታዎች አንዷ ናት። ማሳዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዌስት ፊልድ፣ ሚል ፊልድና ሳውዝ ፊልድ። እያንዳንዱ በረጃጅም ቁራሾች ተሸንሽኗል፤ የአንድ ገበሬ ድርሻም በሦስቱም ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። በጥንቱ ደንብ አንዱ ማሳ ከብርዱ በፊት ስንዴ ይዘራበታል፣ ሁለተኛው ብርዱ ሲያልፍ ገብስ፣ አተር ወይም ባቄላ፣ ሦስተኛው ጦሙን ያድራል። በዓመቱ ተራው ይዞራል።

ይህን የያዘ ሰው የመንደሩን መልክ ለመረዳት አይቸገርም። የገበሬዎቹ ቤቶችና ጎተራዎች በዋናው መንገድ ዳር ተጠጋግተዋል፤ ብዙዎቹም የጎን ግድግዳቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል። መሬቱ የተበታተነበት ገበሬ ቤቱን አንዱ ቁራሽ ላይ ቢሠራ ከሌሎቹ ይርቃል፤ መሃል መንደር መኖር ያዋጣዋል። በሌሎች መንደሮች ግን ፓርላማው ባወጣቸው ከ5,000 በላይ መሬት የማጠር አዋጆች፣ በተለይ ከ1750 እስከ 1850 ባለው ጊዜ፣ ቁራሾቹ ተሰብስበው ለየባለቤቱ በአንድ ቦታ ተሰጡ፤ ቤቱም ተከትሎ ወደ ማሳው ወጣ። ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመ የጡብ ቤት፣ እንደ ክር የቀና የቁጥቋጦ አጥርና ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ላክስተን የተረፈችበት አንዱ ምክንያት መሬቷ ኧርል ማንቨርስና ኧርል ስካርብሮ በተባሉ ሁለት ባላባቶች መካከል ተከፍሎ ስለነበርና መስማማቱ ስላስቸገረ ነው።

ቀጥሎ ካርታ። ማርክ ፒርስ በ1635 የሠራው የላክስተን ካርታ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ቁራሾቹ አንድ በአንድ ተስለውበታል፤ አብሮት ያለው መዝገብ ደግሞ ማን ምን ያህል እንደያዘ ይነግራል። ከዘመናዊው ባለ 1፡25,000 ካርታ ጋር ሳስተያይ የጀመርኩት በቀላሉ ከማይንቀሳቀሱት ነው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከጥንቱ የምሽግ ጉብታና ከመንገድ መጋጠሚያዎች። ከቁራሾቹ ድንበር መጀመር ያሳስታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙዎቹ ተቀላቅለው ሰፍተዋል።

ጽሑፍ ላይ የሚያሰናክሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ንጉሡ የአገሩን መሬትና ግብር ባስጻፈበት በ1086ቱ የዱምስደይ መዝገብ የተቆጠሩት በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው፤ የሕዝቡን ብዛት ለመገመት በ5 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ያለው የመሬት መለኪያ ካሩኬትም ስምንት በሬ የሚጠመድበት ማረሻ በዓመት የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፤ እንደኛ ጋሻ ሁሉ ስፋቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በዚያ ላይ ግብር መጣያም ስለሆነ ወደ ሄክታር መለወጥ አላዋቂነት ነው። የደብር መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ የሚመዘግበው ልደትን ሳይሆን ክርስትና መነሣትን ነው፣ በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም ብዙ ቦታ ይቋረጣል። ከ1752 በፊት ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ነበር፤ ስለዚህ “ፌብሩዋሪ 1634” የሚል ሰነድ በዛሬው አቆጣጠር 1635 ነው። በማስታወሻዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ያለዚያ ልጅ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት የተወለደ ይመስላል። በ1841 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ ታች በአምስት በአምስት ተጠጋግቷል።

የላክስተንን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን ሸንጎዋ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ከመንደሩ የተመረጡ ዳኞች አዲስ ስንዴ የተዘራበትን ማሳ እየዞሩ ያያሉ። የቁራሾቹ ወሰን ላይ ችካል ይተክላሉ፤ ማረሻው መንገዱን ወይም የጋራውን ሣር ከነካ ወሰን ገፊው ይጻፋል። በሳምንቱ ሸንጎው ዶቭኮት በተባለው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ቅጣቱን ይወስናል። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ የሚከብደው ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ስም መጠራቱ ነው። ሥርዓቱን ያቆየው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የመሬቱ ባለቤት ተለዋውጧል፦ በ1952 መንግሥት ገዛው፣ በ1981 የዘውዱን ንብረት ወደሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት ዞረ፣ በ2020 ደግሞ የማንቨርስ ቤተሰብ ወደሆነው ቶርስቢ ርስት ተመለሰ።

ቦታውን ለማየት የሚሄድ ሰው ከማሳዎቹ ጋር ሳይክ የተባሉትን ያልታረሱ የሣር ረግረጎች መፈለግ አለበት። ለማረሻ የማይመቹ እርጥብ ወይም ዳገታማ ቦታዎች ናቸው፤ ሣራቸው በየዓመቱ በጨረታ ለመንደሩ ሰዎች ይሸጣል። የቀድሞ እርሻ ትልም ኋላ ግጦሽ በሆነ መሬት ላይ የሚለየው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም ስስ በረዶ ሲጥል ነው፤ በቀትር ሜዳው ለጥ ያለ መስሎ ይታያል። የኧርል ማንቨርስ ርስት ወረቀቶች ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኙ፣ ማሳውን ጠዋት አይቶ ሰነዱን ከሰዓት በኋላ ማየት ይቻላል፤ ቀጠሮ ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት።