ኒሞኮከስን በሕይወት ማቆየት

ወገን፣ ዘጠኝ ቀን! የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከሴ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሰሃን ሰሃን እየተዘራ ዘጠኝ ቀን ቆየልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህችን ለመጻፍ አምስት ወር ፈጅቶብኛልና ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

የመመረቂያ ርእሴ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖች የሳንባ ባክቴሪያን ጉልበት እንዴት እንደሚወስኑ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ባክቴሪያው ግን ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ይቀበለኛል፣ ማታ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ በማግስቱ ብዘራው አይበቅልም። በመብራት መጥፋት አሳበብኩ። ማሳበቡ አይከብድም።

ለካስ ራሱን ነው የሚገድለው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመርታል፤ ሰሃኑን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። ሳንባን ይጎዳል፣ ጎረቤት ባክቴሪያዎችን ይፈጃል፣ ዞሮ ደግሞ የራሱን ዲኤንኤ ይሰባብራል። ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ ካታሌዝ እንኳ የለውም። ታዲያ ጠጋኝ ከሌለው እንዴት ይዋጋል?

እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ የተሰበረውን የሚጠግነው ጂን ሬክኤ እና የሴሉን ግድግዳ የሚንደው ጂን ላይትኤ በአንድ ኦፐሮን (አብረው በሚነበቡ ጂኖች ረድፍ) ውስጥ ናቸው። ሐኪሙና ቀባሪው በአንድ ጣሪያ ሥር! ግድግዳው ሲናድ ኒሞላይሲን የተባለው መርዝ ይፈሳል። የአንጀት ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ዲኤንኤው ሲጎዳ የሚያስነሣው የኤስኦኤስ ሥርዓት ኒሞኮከስ ላይ የለም፤ እሱ ሲጨንቀው የውጭ ዲኤንኤ ለመቀበል ይዘጋጃል፣ ያኔ ሁለቱም ጂኖች አብረው ይነሣሉ።

መፍትሔው የበግ ደም ሆነ፤ ትኩስ የበግ ደም። የቀይ ደም ሴል ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ያከሽፈዋል፤ እኔ ግን ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ደም ነበር ሰሃኑ ላይ የማፈሰው። አሁን ደሙን በመስታወት ጠጠር እየናጥኩ ፋይብሪኑን (ደም የሚያረጋውን ክር) አወጣለሁ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላው እንደገና እዘራለሁ። ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም የምትጠቀሙ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ አንቲቦዲም አንቲባዮቲክም ሊኖርበት ይችላል። ባክቴሪያው ለሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሻማ ለኩሼ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጧፍ ሞክሬ ነበር፣ ርካሽ ነው ብዬ፤ ማሰሮዬን በጥላሸት ሞላችው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መጀመሪያ ከመዘገብኳቸው ናሙናዎች አንዱ የኦፕቶቺን ክቡ (ኒሞኮከስን ለመለየት የሚደረገው መድኃኒት ባክቴሪያውን ያገደበት ስፋት) 12 ሚሊ ሜትር ነበር። 14 ካልሞላ በሐሞት ጨው መፈተን ነበረበት፤ እኔ «ኒሞኮከስ» ብዬ ጻፍኩት። አሁን ቢጫ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፣ ለአማካሪዬ ግን ገና አልነገርኳቸውም።