ሳሚ፦ ከቻቻ እስከ ሸዋ ሮቢት

ሙሉ ስሜ ሳሙኤል ነው። በእሱ የሚጠራኝ ግን የለም፤ እናቴም ሳሚ ነው የምትለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሚ ሞልቷል። መንገድ ላይ አንዱ "ሳሚ!" ብሎ ሲጣራ ዞር የሚለው ብዙ ነው። ትርጉም አለው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጠያቂ ያገኘሁት ሰሜን ሸዋ ስሄድ ነው።

ከላምበረት በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ህንዳዊ መምህር ነበሩ። ደብረ ብርሃን ነው የሚያስተምሩት። ሸኖን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። "ሄሎ፣ አዎ፣ ሳሚ ነኝ" ብዬ አውርቼ ስዘጋ፣ ሰውየው ፈገግ ብለው ያዩኛል።

"ስምህ ሳሚ ነው?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"በእኛ ቋንቋ እኮ አምላክ ማለት ነው!"

የታሚል ናዱ ሰው ናቸው። ሌላው ህንድ "ስዋሚ" የሚለውን ቃል ታሚሎች "ሳሚ" ይሉታል። ጌታም አምላክም ማለት ነው። ኬረላ ውስጥ ሳባሪማላ የሚባል ተራራ ላይ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ወደዚያ የሚሄዱ ምዕመናን ጥቁር ለብሰው፣ ብዙዎቹም በባዶ እግራቸው ይጓዛሉ። በጉዞው ወቅት ሀብታሙም ድሃውም፣ ሐኪሙም ሹፌሩም እርስ በርስ የሚጠራሩት "ሳሚ" እየተባባሉ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። "ሳ"ን ረዘም አድርገው "ሳ...ሚ" ሲሉ የእኔን ስም ሳይሆን የአገራቸውን መንገድ የሚጠሩ ነው የመሰለኝ። ናፍቆት እንዲህ በሁለት ፊደል ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ቻቻ ስንደርስ እኔም በተራዬ አንድ ነገር ነገርኳቸው። እዚሁ አካባቢ፣ አንጎለላ፣ በ1836 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሳህለ ማርያም ነው። ሲነግሡ ምኒልክ ተባሉ። በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፣ በሕዝቡ አፍ ደግሞ እምዬ ናቸው። መምህሩ "ሜኔሊክ" ብለው ደገሙልኝ። "ምኒልክ" አልኳቸው። "ሜኔሊክ" አሉ። የእኛ ሳድስ ለውጭ ሰው ምላስ ከባድ ነው። ፈረንጅ "ም"ን በላቲን ፊደል ሲጽፍ አናባቢ ያስገባል፣ አንባቢው ደግሞ ያንኑ አናባቢ አጉልቶ ያነባል። "አባ" ላይ ግን ሰዎች አይቸገሩም። አማርኛውም ኦሮምኛውም ይጋሩታል፤ በኦሮምኛ አባትም ባለቤትም ማለት ነው። የፈረስ ስም በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ስላለ ጎራው ሁሉ ይረዳዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ተለያየን። ብርዱ እንደተለመደው አጥንት ይሰብራል። ለአንኮበር መኪና ቀየርኩ። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብዛኛው ደጋ ለደጋ ነው የሚኬደው።

አንኮበር ያረፍኩበት ቤት እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። እሳቱን በገለባ ጭድ ነው የሚያነሱት። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለው እሳቸው ምንም አይመስላቸውም። ስሜን ጠየቁኝ። ሳሚ አልኳቸው።

"ሳሚ? ማንን ነው የምትስመው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እውነታቸውን ነው። ሳመ፣ ይስማል፣ ሳሚ። እኛ ከተሜዎች ቃሉን ስም ካደረግነው ወዲህ ግሱን መስማት ትተናል። የእማማ ጆሮ ግን ቃሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል።

"ሙሉውን ንገረኝ ልጄ።"

"ሳሙኤል።"

"እሰይ! የዋልድባው ጻድቅ! አንበሳ የሚጋልቡት!" አሉና ወዲያው ስለ ነቢዩ ሳሙኤል እናት ስለ ሐና ማውራት ጀመሩ። ልጅ አጥታ በመቅደስ ስታለቅስ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ሲቆጣት፣ እግዚአብሔር ግን ሲሰማት። "እናትህም እንዲህ ለምና ይሆናል የወለደችህ" አሉኝ። እናቴን ስለዚህ ጠይቄያት አላውቅም።

"የክርስትና ስምህስ?" አሉኝ ቀጥለው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን እጃቸውን አነሱ። "ተው፣ ተው። እሱን ለማንም አትናገር።" የክርስትና ስም በክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ መሸሸግ የቆየ ልማድ ነው። ሰው የሚያቆላምጠው፣ የሚያሳጥረው፣ ገበያ ላይ የሚጮኸው የዓለም ስሙን ነው። የቤት ስም ለምን እንደሚበዛብን ያን ጊዜ ገባኝ። ዋናውን ስም ይሸፍንልናል።

በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ሙቀቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚቀበልህ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚህ ነበር የሚያራግፉት። በዚህ ገበያ ስንት ስም በስንት ቋንቋ እንደተጠራ ማን ያውቃል። ዛሬ የአርጎባ ልጆች እዚህ የሚያወሩት አማርኛ ነው። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ አንድ ሼህ ውሃ አስመጡልኝና ስሜን ጠየቁ።

"ማሻ አላህ። በዐረብኛ ከፍ ያለ፣ የላቀ ማለት ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "ሰማእ፣ ሰማይም ከዚያው ነው" ብለው በእንጨታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ሙስሊም መሆን አለመሆኔን አልጠየቁም። እውነትም ሳሚ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ስም ይሆናል። ይህን የቤት ስም ከወደድኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄ ነው።

ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ በጣርማ በር ዋሻ አለፍኩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ ጃኬት ይወልቃል።

ገበያው ውስጥ ማንጎ የምትሸጥ ሴት "መቃን ኬ ኤኙ?" አለችኝ። ኦሮምኛዬ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። "ሳሚ" አልኳት።

"ሰሚ!" አለችና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

በኦሮምኛ "ሰሚ" ሰማይ ነው። መጀመሪያው አጭር፣ መጨረሻው ረዥም ነው፤ "ሰሚ..." ተብሎ ይሳባል። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ ይኸው ድምፅ የሚሰማ፣ አዳማጭ ማለት ይሆናል። እማማ የነገሩኝ የሐና ታሪክም፣ ሼሁ በእንጨታቸው ያሳዩኝ ሰማይም አንድ ላይ መጡብኝ። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ። ኦሮምኛዬ አልበቃም፣ ወደ አማርኛ ዞርን። እሷ በሁለቱም ታቀላጥፋለች።

ከሩቅ አገር ሰው ጋር ስንሆን "እንዲህ አይባልም" እያልን የምናርመው ነገር አይዋጥልኝም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው "ሳ"ን ወደ "ሴ" ሳብ ያደርጋታል፤ ያድርጋት። ፊንላንድም ሳሚ የወንድ ስም ነው። ከኖርዌይ እስከ ሩሲያ ሰሜኑን ይዞ አጋዘን የሚያረባ ሕዝብም ሳሚ ይባላል። ሁሉም በራሱ ምላስ ይጥራኝ። የሚከፋኝ ስሜን ሳይጠይቅ "አንተ" ብሎ የሚያልፈኝ ነው።

"የአንቺስ ስም?" አልኳት።

"ፋጡማ። እዚህ ያሉት ፋጤ ይሉኛል። እናቴ ፋጡ ነው የምትለኝ።"

"የቱ ይሻልሻል?"

ማንጎዎቹን እየመዘነች ትንሽ አሰበች። "እናቴ ስትጠራኝ ፋጡ ነው ደስ የሚለኝ። አንተ ግን ፋጤ በለኝ፣ ገና አልተዋወቅንም" አለችና አንድ ማንጎ መረቀችልኝ።