አንድም መርከብ ያላሰጠመው ሰርጓጅ

ዛሬ ልጄ የጀርመኑን ሰርጓጅ መርከብ የዩ-534ን ፎቶ ስልኬ ላይ አየና «አባ፣ ይሄ ስንት መርከብ አሰጠመ?» አለኝ። «አንድም» አልኩት። «ታዲያ ለምን መቱት?»

ቀኑ ነው የሚያንገበግበኝ። እንደ አውሮፓውያን ሜይ 5 ቀን 1945 ነው። ከሂትለር ሞት በኋላ ጀርመንን የመራው አድሚራል ዶኒትዝ ሰርጓጆቹ ተኩስ እንዲያቆሙ ያዘዘው ለዚያው ጠዋት ነበር። ዩ-534 ግን እጅ ሳይሰጥ ወደ ኖርዌይ አቀና። በዴንማርክና በስዊድን መካከል ባለው ካቴጋት ባሕር ላይ ሊበሬተር የሚባሉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ደረሱበት። ሰርጓጁ አንዱን አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ ሌላው አውሮፕላን ግን አሰጠመው።

አምስት ባሕረኞች የቶርፒዶ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ከ60 ሜትር በላይ አብረውት ወረዱ። መውጫው የሚከፈተው የውስጡና የውጪው ግፊት እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ራሳቸው ውሃ አስገብተው ሞሉት። ውሃው ደረት፣ ከዚያ አንገት እስኪደርስ ቆሞ መጠበቅን አስቡት! አምስቱም ወጡ። አንዱ ወጣት ግን ሽቅብ ሲዋኝ ግፊቱ ሲቀንስ የሚሰፋውን አየር ከሳንባው ሳያስወጣ ቀረና ሞተ።

ከ52ቱ 49 ተረፉ። ይህ ብርቅ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ40 ሺህ ገደማ የጀርመን ሰርጓጅ ባሕረኞች 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም። የሦስቱ ሞት ግን ያናድደኛል። ጠዋት ላይ ነጭ ባንዲራ ቢሰቀል ኖሮ ሁሉም ቤታቸው ይገቡ ነበር።