ሞላው ምን አደረገ?

ይሄ የአንድ ሰዓት ሞላ (ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ብረት) ነገር ከሆነ ቆይቷል ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር ያናድደኛል፣ ስለዚህ ልጻፈው።

የምሠራው ስዊዘርላንድ ቫሌ ደ ዡ ውስጥ ነው፣ ፊሊፕ ዱፉር ሲምፕሊሲቲ የምትባለዋን ሰዓት በ2000 ያወጣበት ሸለቆ። የሰዓት መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ይነካል። አንድ የኛው ሰዓት ለሰርቪስ ተመለሰ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ የሚመታው፣ ትልቁ ባላንስ (ወዲያና ወዲህ እየዞረ ምቱን የሚሰጠው ጎማ) ያለው። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ዘይት ተቀባ፣ ተገጠመ። ታይምግራፈር (ምቱን እየሰማ የሚለካው መሣሪያ) ላይ ስናስቀምጠው ሙሉ ተሞልቶ፣ ተኝቶ፣ አምፕሊቱዱ (ባላንሱ ከመሃል ወደ አንድ ጎን የሚዞርበት ስፋት) 250 ዲግሪ። በጎኑ አቁመን ስንለካው ጭራሽ 210። ጤነኛ ከሆነ ተኝቶ 280 እና ከዚያ በላይ መስጠት ነበረበት። ደንበኛው ደግሞ አርብ ይመጣል ተብሏል።

ከኔ በፊት የገባ ባልደረባ አለ፣ ትልቅ ፋብሪካ ሠርቶ የመጣ፣ እጁ ፈጣን ነው። ወፈር ያለ ሞላ አምጥቶ ባሪሉ (የሞላው ማስቀመጫ) ውስጥ ከተተና ታይምግራፈሩ ላይ መልሶ አስቀመጠው። 295። አለቃችን ደስ አላት።

«ምን ይዞት ነበር ግን?» አልኩት።
«ምንም አልያዘውም፣ ይኸው እየሄደ አይደል?»
«ሞላው ደክሞ ቢሆን እሺ፣ ግን አዲስ ነበር እኮ። የሆነ ቦታ የሚይዘው ነገር አለ።»
«ቁጥሩን አየኸው አይደል? ደንበኛው የሚያየው ቁጥሩን ነው፣ ሰበቃ አይታየውም።»

እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ የቀረችው ይቺ ንግግር ናት። ሰው ለእንደዚህ አይነት ሰዓት የቤት ዋጋ የሚከፍለው እኮ እሱ የማያየውን ሌላ ሰው አይቶልኛል ብሎ ነው! የብሪጁን (ጊሮቹን ከላይ የሚይዘውን ብረት) ጠርዝ በ45 ዲግሪ በእጃችን ሞርደን፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ማዕዘን ማሽን አይደርስበትም ብለን በጄንሺያን እንጨት ስናሸው የምንውለው ለምንድነው ታዲያ? የሚይዘውን ነገር ሳይፈልጉ ጉልበት መጨመር የእጅ ፍሬን ሳይለቁ ነዳጅ መርገጥ ነው፣ መኪናው ይሄዳል፣ ግን የሆነ ነገር እየተበላ ነው የሚሄደው። እዚህ ደግሞ የሚበላው ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የጊር ዘንግ ጫፍ ነው።

ይሄን ሁሉ ተናገርኩ፣ በሰው ፊት። አለቃችን «አሁን ጊዜ የለም» አለች።

ጠዋት ስገባ ሰዓቱን እስከ ጥግ ሞላሁት። ባልደረባዬ የለካው በግማሽ ሞልቶ ነበር። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው ምቱ ቲክ ቲክ መሆኑ ቀርቶ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሆኗል፣ ታይምግራፈሩ ላይ ያለው መስመር ተበታትኗል። ጉልበቱ በዝቶ ባላንሱ ከልኩ በላይ ይዞርና እሱ ላይ ያለው ፒን ዞሮ አንክሩን (ጊሮቹን በየምቱ የሚይዝና የሚለቀውን ሹካ) ከውጭ በኩል ይመታዋል ማለት ነው፣ እንዲህ ሆኖ ደንበኛ እጅ ቢገባ በቀን ብዙ ደቂቃ ይቀድም ነበር። አለቃችን ሰማችው፣ ምንም አላለችም፣ «ክፈተው» ብቻ።

አንክሩን አወጣሁና ሞላውን ትንሽ ብቻ ሞላሁት። ጊሮቹ ተሽከረከሩ። ነጻ ከሆኑ ጉልበቱ ሲያልቅ የመጨረሻው ጊር ቆም ይልና ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል፣ ይሄ ሁላችንም የምናውቀው ፈተና ነው። አልተመለሰም፣ ቀጥ አለ። በወረንጦ አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ ሳደርጋቸው ሦስተኛው ጊር ላይ ምንም ክፍተት የለም፣ ሁለት መቶኛ ሚሊ እንኳን። ባለፈው ሰርቪስ ብሪጁ እንደገና ተወልውሎ ሩቢው (የዘንጉ ጫፍ የሚዞርበት ድንጋይ) ሲመለስ ከልኩ በላይ ተገፍቷል። ማን እንደጫነው መዝገቡ ላይ አለ፣ እዚህ አልጽፍም። በፕሬሱ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ጊሮቹ ወደኋላ ተመለሱ፣ የድሮውን ሞላ ከተትኩ፣ 285። በጎኑ ቆሞ 250።

አርብ ደንበኛው መጣ። ለሱ ያስረዳው ባልደረባዬ ነበር፣ «ትንሽ ማስተካከያ ነበረበት» አለው፣ ሰውየውም እጁን ጨብጦ አመሰገነው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንክር ከመግባቱ በፊት ጊሮቹ ወደኋላ መመለሳቸውን አንድ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል፣ አለቃችን ናት ያዘዘችው። ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሞላ አይነካም የሚል ሕግ አድርገው የያዙትም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። በቀደም አንድ የቆየ የኪስ ሰዓት መጣ፣ ደካማ ነበር፣ ሞላውን አውጥቼ ስለካው ቀድሞ የጠገነው ሰው ቀጭን ከቶበታል፣ ወፈር ያለውን አስገባሁለት። ባልደረባዬ ከወዲያ ሆኖ «ያኔ እኔ ያልኩትን አይደል እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩት፣ እኔ መጀመሪያ ጊሮቹን አይቻለሁ፣ ፊርማውም ያንተ ነው።