ፕሪዮንን ሳጠና፦ አይጦቹ እስኪያረጁ መጠበቅ

ፕሪዮን ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የእብድ ላም በሽታ ነው። እኔም ንባቤን የጀመርኩት ከዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስታንሊ ፕሩሲነር ቫይረስም ባክቴሪያም ያልሆነ፣ ፕሮቲን ብቻ የሆነ በሽታ አምጪ አለ፣ ስሙም ፕሪዮን ይባል ሲል ብዙ ሰው አልተቀበለውም። በ1997 ኖቤል ተሸለመ። ታሪኩ ስለሚጥም ይህን ክፍል ቶሎ ጨረስኩት።

አሁን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ፕሮቲን ሳይበላሽ፣ በጤነኛ ሰው ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ሁላችንም አለን። ጂኑ 20ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ፕሮቲኑ በተለይ የነርቭ ሴሎች ገጽ ላይ በብዛት ይገኛል፣ መዳብም ይይዛል። ጣጣው የሚመጣው አጣጣፉ ሲበላሽና ጤነኞቹን ፕሮቲኖችም ወደ ራሱ ቅርጽ ሲጎትት ነው።

በ1992 ዙሪክ ውስጥ የቻርልስ ቫይስማን ቡድን ፕሮቲኑ ጭራሽ የሌላቸውን አይጦች ፈጠረ። ምን የሆኑ ይመስላችኋል? ምንም! በደንብ አደጉ፣ ተዋለዱ። የታመመውን ፕሪዮን ሲወጓቸው እንኳ አልታመሙም። እና ምን ይሠራል ታዲያ?

መልሱ ከእርጅና ጋር መጣ። አይጦቹ ዕድሜያቸው ሲገፋ ከአንጎልና ከአከርካሪ ውጭ ያሉት ነርቮቻቸው ሽፋን፣ ማየሊን የሚባለው፣ እየተጎዳ ሄደ። ሽፋኑ ልክ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ ነው። ደጋግሜ ያነበብኩት በ2010 የወጣውን የአድሪያኖ አጉዚ ቡድን ሥራ ነው። ሽፋኑን የሚሠሩት ሽዋን የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ፕሮቲኑን ለእነሱ ቢመልሱላቸው ግን ዋጋ አልነበረውም። ለነርቭ ሴሉ ሲመልሱለት ነው ሽፋኑ የተረፈው። ምክንያቱ በ2016 ታወቀ፦ የፕሮቲኑ ጅራት ይቆረጥና ሽዋን ሴል ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይገናኛል። ሽፋኑን ጠብቅ የሚል መልእክት ነው እንግዲህ። ይህቺን ብቻ በሥዕል ሳላስቀምጥ አልገባኝም ነበር።

ከዚህ በኋላ የአይጥ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የማየው ዕድሜያቸውን ነው። «ምንም አልሆኑም» የሚል ውጤት የወጣት አይጥ ውጤት ሊሆን ይችላል። ለፕሪዮን በሽታ ተብለው ፕሮቲኑን የሚቀንሱ መድኃኒቶች እየተሞከሩ ስለሆነ ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም።

አንጎል ውስጥ ያለው ሥራው ገና ያከራክራል። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች የእንቅልፍ ሥርዓታቸው እንደተለወጠ በ1996 ተዘግቧል። ቀጥዬ የምገባው ወደ ኤሪክ ካንዴልና ካውሲክ ሲ የ2003 ሥራ ነው። ሲፒኢቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን በባሕር ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደ ፕሪዮን ቅርጹን እየለወጠ ትዝታን ሊያቆይ ይችላል ይላሉ። ይህን ያነበባችሁ ካላችሁ የቱን ልቅደም?