የአባዬ ማስታንግ፦ ምነው እማዬን ቀድሜ በጠየቅኳት

አያቴ ቤት ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ አንዲት ፎቶ ቆማ ነበር። አባዬና እማዬ አንዲት መኪና ተደግፈው ይስቃሉ። የፎቶዋ ጀርባ ላይ በእማዬ እጅ ጽሑፍ «ለልጃችን፤ ዋሽንግተን፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.» ይላል። አባዬ በሱዳን በኩል ሲወጣ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ መልኩን የማውቀው ከዚያች ፎቶ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዓይኔ ሁሌም የሚያርፈው መኪናዋ ላይ ነበር።

1991 ላይ እኔም ተከትዬ አሜሪካ ስገባ (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው) ገና ከኤርፖርት ሳንወጣ «መኪናዋስ?» አልኩት። ከሸጣት አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የወሰደችን ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቂሙ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ይኸው አርጅቼ፣ ያቺን መኪና በፕላስቲክ ሞዴል፣ በ1 ለ25 መጠን (ርዝመቷ ከእውነተኛዋ አንድ ሃያ አምስተኛ ሆኖ) ልሠራት ተነሳሁ። ኪት፣ ማለትም በሳጥን የሚሸጥ ተገጣጣሚ ሞዴል፣ ገዝቶ መገጣጠም ቀላል ነው። የራስን ሰው መኪና፣ ያቺኑ ራሷን፣ መሥራት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ። እጄ ፕላስቲክ ላይ ያረፈው ሁለት ወር አይሞላም። የቀረው መንከራተት ነው። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይንከራተት ነው።

መጀመሪያ ዓመቷን መለየት ነበረብኝ። ይህ አንድ ምሽት ብቻ ወሰደ። ፎርድ ማስታንግ መሆኗ ያስታውቃል። የፊት መብራቷ አራት ነው፤ ሁለቱ ፍርግርጉ ውስጥ፣ ሁለቱ ከውጭ ጠርዝ ላይ። ያ የ1969 ምልክት ነው፤ በ1970 መብራቱ ሁለት ሆነ። ከበሩ ኋላ ያለችው የአየር ማስገቢያ የምትመስል ነገርም የ1969 ናት። ጣሪያዋ እስከ ኋላ ተንሸራቶ ይወርዳል። ፎርድ ያንን «ስፖርትስሩፍ» ይለዋል። አባዬ ደግሞ ዕድሜ ልኩን «የኔ ማክ ዋን» እያለ ነው የሚጠራት። ማክ ዋን ማለት የዚያ ዓመት ማስታንግ ጌጠኛዋ ናት፤ ኮፈኗ ደብዛዛ ጥቁር፣ ጎኗ ላይ መስመር ያላት።

አንድ ስደተኛ ምን ነክቶት ስምንት ሲሊንደር መኪና ይገዛል? ለምትሉ፣ መልሱ ዋጋው ነው። ከ1973ቱና ከ1979ኙ የነዳጅ ችግር በኋላ እነዚህ ፈረንጆቹ ማስል ካር የሚሏቸው ነዳጅ ጠጪዎች ብዙ ፈላጊ አልነበራቸውም። አባዬ በ1982 በ1,100 ዶላር ገዛት። ያኔ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ በሰዓት 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም፣ በጊዜው የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ። አስሉት፤ ከ328 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆም ውሎ ማታ በራሱ መኪና ይወጣል። ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ።

ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፦ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠውን መለያ፣ ፈልግ። ምክራቸው ልክ ነው። ፎርድ ከ1967 ወዲህ የሠራቸው መኪኖች መዝገብ አለ፤ ከመዝገቡ የሚወጣው ወረቀት ማርቲ ሪፖርት ይባላል። ቁጥሯን ሰጥተህ ከከፈልክ የት ፋብሪካ፣ መቼ፣ በምን ቀለም፣ ከነምን ዕቃዋ እንደተሠራች ይነግርሃል። ቁጥሩ ግን ከየት ይምጣ? መመሪያው «መኪናው ተመዝግቦበት የነበረውን ቢሮ ጠይቅ» ይላል። እኔም ሞኙ መመሪያ አመንኩ።

የቢሮውን ስም አልጠራም። መጀመሪያ በኢንተርኔት ሞከርኩ። ቅጹ የሻንሲ ቁጥር ይጠይቃል። «አላውቀውም» የሚል ምርጫ የለውም። ለሙከራ 11 ፊደልና አኃዝ ሞላሁ፤ ምክንያቱም የ1969 ፎርድ ሻንሲ ቁጥር ርዝመቱ 11 ነው። ቅጹ በቀይ «17 መሆን አለበት» አለኝ። 17 የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች በዚያ ቅጽ ዓይን አልተወለዱም።

ስልክ ደወልኩ። 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምቼ «በአካል ና» ተባልኩ። ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ቁጥር ቆርጬ ተቀመጥኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ሴትዮ አላመናጨቀችኝም፤ እሱ ነው የሚያናድደው። በፈገግታ «የመኪናውን ቁጥር ስጠኝና እፈልግልሃለሁ» አለችኝ። «የመጣሁት እኮ ቁጥሩን ፍለጋ ነው» አልኳት። «ገባኝ። ግን ያለ ቁጥሩ መፈለግ አልችልም» አለች። በስምስ? በስም አይቻልም፤ በ1994 የወጣ የአሽከርካሪዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ካልመጣ አይሆንም። ሕጉን በኋላ አነበብኩት። ሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደግሞም ባለቤቱ በሕይወት አለ፤ ይመጣል።

አባዬ ሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል። ቢሆንም ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ለእሱ ቢሮ ማለት ክራቫት ነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠ። ተራችን ሲደርስ ሌላ ሰውዬ ነው ያለው። መታወቂያችንን አየ፣ ቀና ብሎ አየን፣ እንደገና አየ።

«ዝምድናችሁ ምንድን ነው?»

«አባቴ ነው።»

«የመጨረሻ ስማችሁ ለምን ተለያየ?»

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሐበሻ እጁን ያውጣ። የኔ መጨረሻ ስም የአባዬ ስም ነው፣ የአባዬ መጨረሻ ስም የአያቴ ስም ነው፣ እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም ብዬ በመስኮቷ ቀዳዳ ሰፊ ትምህርት ሰጠሁ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀ። ቀጥሎ አባዬ በ1980ዎቹ ወረቀቱ ላይ ስሙና የአባቱ ስም ተገላብጦ ተጽፎ እንደነበር ታወሰው። የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1 ነው፤ እንደ ብዙው ስደተኛ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ላይ «እነዚህ ሰዎች የሚያጭበረብሩኝ ምን ለማግኘት ነው?» የሚል ነገር አነበብኩ። ለፕላስቲክ መኪና ነው ብዬ ብነግረው ደግሞ ዘበኛ የሚጠራ መሰለኝ።

ለማንኛውም ቅጹን ሞላን፣ 18 ዶላር ከፈልን። ከሰባት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር ናት። የዚያን ያህል የቆየ መዝገብ አይቀመጥም፤ ተወግዷል። ክፍያው አይመለስም።

እንግዲህ አስቡት። መዝገቡ እንደማይኖር የመጀመሪያዋ ሴትዮ ታውቃለች። ሁለተኛው ሰውዬም ያውቃል። ስልኩን ያነሳውም ያውቃል። አንዳቸው «አትልፋ፣ የለም» ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? አባዬ ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈውና «ክራቫቴን ነው ያቃጠልኩት» አለ። ሌላ አልተናገረም። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እነሱን በሐሳቤ ስንቴ እንደሰደብኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ቀጥሎ የመጣው ነው። አንድ እሁድ እማዬ ቡና እያፈላች የሆዴን ዘከዘክኩላት። ረከቦቱን ሳትለቅ «የኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ አይኖርም?» አለች። የምን ኢንሹራንስ? ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ክብ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች፤ ሁላችንም ቤት ያለችው፣ ብስኩት የሌለባት። ውስጧ ክርና መርፌ፣ የአባዬ የመጀመሪያ ደመወዝ ቁራጭ፣ የኔ የክትባት ካርድ፣ እና በጎማ የታሰሩ የመኪና ወረቀቶች። የ1984 የኢንሹራንስ ካርድ። የመካኒክ ደረሰኝ። አንድ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት (አባዬ «እሷን እንኳ ተያት» አለ)። ሦስቱም ላይ ቁጥሩ አለ። ለስምንት ወር የፈለግኩት ነገር ከእማዬ አልጋ ሥር ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ከመመሪያው ተቃራኒ ነው። መንግሥት ቢሮ አትሂዱ። መጀመሪያ እናታችሁን ጠይቁ። ኢንሹራንስ ካርድ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የቅጣት ወረቀት፣ የምርመራ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ ሻንሲ ቁጥር ይጻፍባቸዋል። አባቶች መኪናውን ያስታውሳሉ። ወረቀቱን የሚያስቀምጡት እናቶች ናቸው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ 9፤ ዓመቱ 1969። ቀጥሎ «ቲ»፤ ኒው ጀርሲ ሜታቸን ያለው ፋብሪካ። 02፤ ስፖርትስሩፍ። ከዚያ «ኤች»፤ 351 ሞተር (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን ነው፣ በኪዩቢክ ኢንች)፣ ካርቡራተሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ፣ 250 የፈረስ ጉልበት። ጥሩ ሞተር ነው፣ ጭራቅ ግን አይደለም። የገዛሁት ኪት ውስጥ ያለው 428 ነበር፤ እሱን ወደ ጎን አድርጌ ከሌላ ሳጥን አመጣሁ።

ማርቲ ሪፖርቱን አዘዝኩ። ሲደርሰኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማክ ዋን የቦዲ ኮድ 63ሲ ነው። የአባዬ 63ኤ ይላል። ተራ ስፖርትስሩፍ። ቀለሟም ከፋብሪካ ስትወጣ ገልፍስትሪም አኳ፣ ማለትም የባሕር ውሃ ዓይነት አረንጓዴ ሰማያዊ። በመካከል አንዱ ብልጥ ቀለሟን ቀይሮ፣ ኮፈኑን አጥቁሮ፣ መስመር ለጥፎ «ማክ ዋን» አድርጓታል።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። እሁድ ምሳ ላይ፣ የሊቅነት ስሜት ይዞኝ፣ ዘረገፍኩት። አባዬ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ብዙ ቆይቶ «የሸጠልኝ እኮ የመርካቶ ልጅ ነው» አለ። «በመስቀል ምሎልኛል።» ሰውዬው ዛሬም አለ፤ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ የፕላስቲክ መኪና ብዬ።

ያም አልበቃኝም። «ወረቀት አይዋሽም» የሚሉትን ሰምቼ በፋብሪካ ቀለሟ ቀባኋት። ብቻዋን ካያችኋት ታምራለች። ለአባዬ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አያትና «ይቺ የማን ናት?» አለኝ። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ ቀለሙን አራገፍኩት። ፋብሪካው የሠራትን መኪና ሳይሆን አባታችሁ የነዳትን ሥሩ። ሊቃውንቱ የፈለጉትን ይበሉ።

እሺ፣ የነዳትስ ቀለሟ ምን ነበር? አባዬ «ጥቁር» አለ። እማዬ «ጥቁር ሰማያዊ» አለች። ፎቶው ላይ ደግሞ ቡናማ ወይንጠጅ ትመስላለች። የዚያ ዘመን የቀለም ፎቶ ሲያረጅ ሁሉም ቀለም እኩል አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ወገን ቀድሞ ይጠፋና ፎቶው ይቀላል። ያቺ ደግሞ ስንት ዓመት ቡፌ ውስጥ ቆማለች። መላው የተገኘው ከእማዬ ነጠላ ነው። ቀኑ መስቀል ነበር፤ ነጭ ለብሳለች። ፎቶው ላይ ግን ነጠላው ሮዝ ሆኗል። ፎቶውን ስካን አድርጌ ኮምፒዩተር ላይ ነጠላው ነጭ እስኪሆን ድረስ ቀዩን ቀነስኩ። ነጠላው ሲነጣ የአባዬ ሸሚዝ ቢጫነቱን አጣ፣ አስፋልቱ ግራጫ ሆነ፣ መኪናዋ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ሆና ብቅ አለች። እማዬ ስክሪኑን አይታ «አላልኩም?» አላለችም። ቡናዋን ነው የጠጣችው።

ዳሽቦርዱንም የነገረችኝ እሷ ናት። ማክ ዋን ውስጡ እንጨት መሳይ ጌጥ አለው። እሷ «እንጨት የሚባል አላየሁም፤ ጥቁር ነበር፣ በጋ ላይ እጅ ያቃጥል ነበር» አለች። ከውጭ ማክ ዋን፣ ከውስጥ ተራ። እንደዚያው አድርጌ ሠራኋት።

የቀረው ሥራ የተለመደው ነው። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመር፣ ቀለም። የእውነተኛ መኪና ቀለም ባዶ ፕላስቲክ ላይ አትንፉ፣ ይበላዋል፤ ፕራይመር ይቅደም። መስመሩን በወረንጦ ለጠፍኩ፣ ትንሽ ጠመም አድርጌ፣ ምክንያቱም ፎቶው ላይም ጠማማ ነው። ያ ብልጥ ሲለጥፍ ቸኩሎ ነበር። ርዝመቷ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ እጅ ላይ ልክ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ።

አባዬ አሁን ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጧታል። እንግዳ ሲመጣ «ማክ ዋን ናት» ይላል። እኔ ዝም እላለሁ፤ ይቺን ተምሬአለሁ።

አልጨረስኳትም ግን። ታርጋዋ ባዶ ነው። ፎቶው ላይ ነጠላው ሸፍኖታል፣ ወረቀቶቹም ላይ አይነበብም። አባዬ መጨረሻው 47 ነው ይላል፣ ይምላል። ልጽፈው ብዕር ስፈልግ እማዬ ደወለች። «47 ነው አለህ? እንዳትጽፍ።»